ሞሊና ጋፒ ውሃው ሲለሰልስባቸው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ልጄ ዓሣ ስለሚወድ ባለ 80 ሊትር አኳሪየም ገዛንለት። ውስጡ ጋፒዎችና ጥቁር ሞሊዎች አሉ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሞሊዎቹ አንድ ቦታ ቆመው ይወዛወዛሉ፣ ክንፋቸውንም ይሰበስባሉ። ሁለቱ ሞቱብን። ጋፒዎቹ ይወልዳሉ፣ ጫጩቶቹ ግን ሳምንት አይሞላቸውም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሮቶ እናጠራቅማለን። በክረምት የጣሪያ ውሃም እዚያው ይገባል። በመመርመሪያ ወረቀት ስናየው ጂኤች 3፣ ኬኤች 2፣ ፒኤች 6.6 ነው። ዓሣ ሻጩ ‹ውሃው ለስልሷል፣ ጨው ጨምሩበት› አለን። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ኖራ በጥብጣችሁ አድርጉበት› ትላለች። ምን ይሻለናል? ልጁ ሌላ ሞሊ ካልተገዛልኝ እያለ ነው።»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት ኖራውን ይተዉት። የጎረቤትዎ ሐሳብ መነሻ አለው። ውሃ የሚያጠነክረው የኖራ ድንጋይ ነው። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ግን ያ ድንጋይ በከፍተኛ እሳት ተቃጥሎ የሚገኝ፣ ጠባዩ ጨርሶ የተለወጠ ነገር ነው። በውሃ ሲበጠበጥ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ12 በላይ ይወጣል፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ ነው። የእርስዎ ውሃ ደግሞ ኬኤቹ 2 ብቻ ስለሆነ ድንገተኛ ለውጥ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። አንድ ማንኪያ ኖራ ከገባበት ዓሣዎቹ በሕይወት ማደራቸው ያጠራጥራል።

የዓሣ ሻጩ ምክር እንደዚህ አደገኛ አይደለም፤ ግን ጥያቄዎን አይመልስም። የወጥ ቤት ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የውሃ ጥንካሬ የሚባለው ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ጨው ጨምረው ቢለኩ ጂኤቹ ያው 3 ነው። ሞሊ ጨው ይችላል፣ ቀስ በቀስ ከለመደ በባሕር ውሃ ውስጥም ይኖራል። ስለዚህ ጨው ሲገባለት ለጊዜው ቀና ይላል፣ ባለቤቱም መድኃኒቱ ተገኘ ብሎ ያርፋል። የጎደለው ካልሲየም ግን እንደጎደለ ነው። በአኳሪየሙ ውስጥ ተክል ካለ ደግሞ ጨው ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። ጂኤች ካልሲየምና ማግኒዥየምን ይነግርዎታል። ኬኤች ደግሞ ካርቦኔትን ይነግርዎታል፤ ፒኤች ድንገት እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ለምሳሌ የላንጋኖ ሐይቅ ውሃ ካርቦኔቱ ብዙ ነው፣ አብሮት ያለው ግን በአብዛኛው ሶዲየም ነው። ስለዚህ ሁለቱንም መለካት አይቀርም። አንድ ዲግሪ ማለት በአንድ ሊትር 17.9 ሚሊግራም ነው፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ። ውሃዎን ላብራቶሪ ወስደው «ቶታል ሃርድነስ» ቢያስለኩ ውጤቱን በሚሊግራም ይሰጡዎታል፤ ለ17.9 ያካፍሉት።

ሻጩ ውሃው ለስልሷል ማለቱ ትክክል ነው። ጋፒ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ውሃ ደህና ይኖራል፣ ከዚያ በላይም አይጎዳውም። ዘመዶቻቸው ፕላቲ እና ሶርድቴይል የሚባሉት ዓሣዎች ከ10 በላይ ይወዳሉ። ሞሊ ከሁሉም ይብሳል፤ 15ና ከዚያ በላይ ቢሆንለት ደስ ይለዋል። እነዚህ እንቁላል ሳይጥሉ ጫጩት የሚወልዱ ዓሣዎች አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ናቸው። እዚያ ብዙው ወንዝና ምንጭ የኖራ ድንጋይ እያጠበ ይሄዳል። የሞሊ ዘር ደግሞ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበትም ይገኛል። 3 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሰውነታቸው የማያውቀው ነገር ይገጥማቸዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዓሣ ደም ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ማዕድን የበዛበት ነው። ስለዚህ ውሃው በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻው፣ እና በቆዳው በኩል ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ማዕድኑ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ዓሣው ቀን ከሌሊት ትርፉን ውሃ በሽንት እያስወጣ፣ የጠፋውን ማዕድን በስንጥቡ እየለቀመ ይኖራል። በውሃው ውስጥ ካልሲየም ሲኖር ስንጥቡ ማፍሰሱን ይቀንሳል። ካልሲየም ሲጠፋ ድካሙ ይጨምራል። ያ ያዩት መወዛወዝ የዚህ ድካም ምልክት ነው። ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ዓሣው ከቦታው ሳይነቃነቅ ከራሱ እስከ ጅራቱ እንደሚዋኝ ሆኖ ይወዛወዛል፣ ወደፊት ግን አይሄድም። የጀርባ ክንፉ ተኝቷል። የጅራቱ ጫፍ ተሰብስቦ እንደ መርፌ ሹል ይሆናል። ጥቁር ሞሊ ላይ ደግሞ ጥቁረቱ ይደበዝዛል።

ነገር ግን ይኸው መወዛወዝ ከብርድም ይመጣል። ስለ ሂተር አንድም አልጻፉልኝም። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ የምንኖር ሰዎች የክረምትን ሌሊት እናውቀዋለን። ቤት ውስጥ ያለ ውሃ ከ18 ዲግሪ ቢወርድ አይገርምም። ሞሊና ጋፒ የሚፈልጉት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ማለዳ ከእንቅልፍዎ እንደተነሡ ቴርሞሜትር ይክተቱና ይዩ፤ የቀትሩ ልኬት አይጠቅምም። ከ22 በታች ካገኙ የመጀመሪያው ግዢዎ ሂተር ነው። ለ80 ሊትር ባለ 100 ዋት ይበቃል፤ ቤቱ በጣም ከቀዘቀዘ ባለ 150 ይሁን። ሌሊት መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያልብሱት፣ ከላይ አየር ማስገቢያ ትተው።

ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ ደግሞ ይለኩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ውሃ ማጠንከር ስንጀምር ፒኤቹም ስለሚነሣ ነው። ፒኤች 6.6 ላይ በውሃው ያለው አሞኒያ አብዛኛው ብዙም የማይጎዳ ዓይነት ነው። ፒኤቹ በአንድ ሲነሣ መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በእንዲህ ያለ ውሃ ደህና መስሎ የቆየ ዓሣ ውሃው «ሲስተካከልለት» በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። አሞኒያ ካለ መጀመሪያ ውሃ እየቀየሩ ያጥፉት፣ ምግብም ይቀንሱ። ከዚያ በኋላ ነው ማጠንከር።

ቀጥሎ የሮቶው ጉዳይ አለ። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ችግሩ ከክረምት ጋር መምጣቱን ራስዎ ጽፈዋል። የዝናብ ውሃ ጥንካሬው ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወርዶ ሲመጣ ደግሞ ከቆርቆሮው ልባስ ዚንክ ይዞ ይመጣል፣ በተለይ ቆርቆሮው አዲስ ከሆነ። ዚንክ ለዓሣ ስንጥብ መርዝ ነው። መርዝነቱም በለስላሳ ውሃ ውስጥ ይብሳል፤ ምክንያቱም ስንጥቡን የሚከላከለው ካልሲየም የለም። የጫጩቶቹ ሞት ከዚህ ጋር ይያያዛል ብዬ እጠረጥራለሁ። ርኅራኄ የለኝም አይበሉኝና፣ የጣሪያውን ውሃ ከዛሬ ጀምሮ ለልብስና ለአትክልት ያድርጉት። ለዓሣው አንድ ወይም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለይተው ቧንቧ በሚመጣበት ቀን በቀጥታ ከቧንቧው ይሙሉ። ሳሙና ወይም ዘይት ነክቶት የማያውቅ ጀሪካን ይሁን።

የቧንቧውም ውሃ ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣ ውሃ በጥቁር ድንጋይ አገር ላይ የወረደ የዝናብ ጎርፍ ስለሆነ ማዕድኑ አነስተኛ ነው። የእኛ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ቶሎ አይሟሟም። በአቃቂ በኩል እንዳሉት ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣ ውሃ ግን ከመሬት በታች ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የበለጠ ማዕድን ይይዛል። ቦቴ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ የጉድጓድ ነው። ስለዚህ የውሃ መሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ወይም ቦቴውን ሾፌር «ከየት ነው የሚቀዳው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ማንቆርቆሪያዎም ይመሰክራል። ውሃ የሚፈላበት ዕቃ ውስጡ ነጭ ቅርፊት እየያዘ ከሆነ ውሃው ጠንካራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ንጹሕ ከሆነ ለስላሳ ነው። ሳሙናውም በለስላሳ ውሃ ቶሎ አረፋ ይሆናል። እነዚህ ግን ጥርጣሬ ለማንሣት ያህል ናቸው። ቁጥሩን የሚሰጥዎ የጠብታ መመርመሪያ ነው። ወረቀቱ ግምቱን ብቻ ነው የሚናገረው። የጠብታው ዓይነት በብዙ ምርቶች 5 ሚሊሊትር ውሃ ላይ አንድ አንድ ጠብታ እየጨመሩ ቀለሙ እስኪለወጥ የሚቆጥሩት ነው፤ አንድ ጠብታ አንድ ዲግሪ። ዋጋው ከወረቀቱ ይወደዳል፣ ግን የሚያዋጣው እሱ ነው። በየሱቁ የምናየው የቲዲኤስ መለኪያ ደግሞ የሟሟውን ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚያሳይ ጨውን ከካልሲየም አይለይልዎትም።

ማጠንከሪያው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ድንጋይ፣ ሌላው በሚዛን የሚለካ ጨው ነው፤ የወጥ ቤቱን ማለቴ አይደለም።

ድንጋዩ ቀላል ነው። እብነ በረድ የሚቆርጡ ቤቶች በራፍ ላይ ስብርባሪ ክምር አይጠፋም። ያልተወለወለ፣ ማጣበቂያና ቀለም ያልነካው ቁራጭ ይለምኑ። ቤት ይዘውት ሲመጡ ጠብታ አቼቶ ያድርጉበት። እውነተኛ እብነ በረድ ከሆነ አቼቶው ያረፈበት ቦታ ላይ ደቃቅ አረፋ ይነሣል፣ ጆሮ ሲያስጠጉትም ይሰማል። ጠንከር ያለ ዓይነት ከሆነ አረፋው ዘግይቶ ስለሚመጣ በምስማር ፋቅ አድርገው ዱቄቱ ላይ ይሞክሩት። ግራናይት ከሆነ ዝም ይላል። ግራናይትም፣ የወንዝ ጥቁር ድንጋይም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የሚያፈላውን በሽምብራ መጠን ሰባብረው ዱቄቱ እስኪጠፋ በውሃ ይጠቡት። ሁለት እፍኝ ያህል በንጹሕ ስቶኪንግ ቋጥረው የፊልተሩ ውሃ በሚያልፍበት ቦታ ያስቀምጡት። የእንቁላል ቅርፊትም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቀቅለው፣ ከውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ልጠው፣ አድርቀው ሰባብረው በዚያው መንገድ ይጠቀሙበት። ሽፋኗ ከቀረች ትበሰብስና ውሃውን ታበላሻለች።

የድንጋዩ ጥቅም ጂኤችንም ኬኤችንም በአንድ ላይ ማንሣቱና ከመጠን አለማለፉ ነው። ውሃው አሲድነት ሲኖረው ይሟሟል፣ ፒኤቹ ሲነሣ መሟሟቱን ይቀንሳል። በእድሜ የገፋ አኳሪየም ውስጥ የዓሣው ቆሻሻ ሲብላላ ኬኤች እየተበላ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ያን ይተካል። ጉድለቱ ደግሞ መዘግየቱ ነው። ሳምንታት ይፈልጋል፣ ማግኒዥየሙ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፣ ሞሊ የሚፈልገው ቁጥር ላይም ብዙ ጊዜ አይደርስም። እኔ እንደ መጠባበቂያ ነው የማየው።

ዋናው ሥራ በጀሪካኑ ውስጥ ይሠራ። አጥብቄ የምመክርዎ ይህን ነው፦ አኳሪየሙን አያክሙ፣ የሚገባውን ውሃ ያዘጋጁ። ዓሣው ካለበት ውሃ ላይ ዱቄት መነስነስ ዛሬ 3፣ ነገ 14፣ ውሃ ሲቀየር ደግሞ 8 እያደረገ ያንገላታዋል። ዓሣን ከዝቅተኛ ቁጥር ይልቅ የሚጎዳው የሚዘል ቁጥር ነው።

ግባችን 12 ዲግሪ ይሁን። ለሞሊውም ለጋፒውም የሚያስማማ ነው። የቧንቧው ውሃ ብቻውን ሲለካ 3 ዲግሪ ጂኤችና 2 ዲግሪ ኬኤች ነው እንበል። ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያስፈልገው 3 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ፣ 2.6 ግራም ኢፕሰም ሶልትና 2.4 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ነው። ካልሲየሙ 6 ዲግሪ ያህል ያነሣል፣ ኢፕሰሙ ማግኒዥየም ስለሆነ 3 ዲግሪ ይጨምራል። ቤኪንግ ሶዳው ጂኤችን አይነካም፤ ኬኤችን ከ2 ወደ 6 ያወጣዋል። ካልሲየም ክሎራይድ ስል ባለ ሁለት ውሃውን፣ ዳይሃይድሬት የሚባለውን ነው። ውሃ አልባው ዓይነት ከሆነ 2.3 ግራም ይበቃል። ለምግብ የሚሆነውን ዓይነት ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ይጠይቁ። ኢፕሰም ሶልት በየፋርማሲው ይጠየቃል፤ ሽቶና ቀለም የገባበትን ግን አይግዙ። ቤኪንግ ሶዳውን ከቤኪንግ ፓውደር ጋር እንዳያምታቱት። ፓውደሩ አሲድና ስታርች ስላለበት ለዓሣ አይሆንም።

በማንኪያ ከመገመት ትንሿን ዲጂታል ሚዛን ይግዙ። ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ አይበጥብጡ። ካልሲየም ክሎራይድና ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ወተት መስለው ይነጣሉ፤ ያ ነጩ ነገር የከፈሉበት ካልሲየም ጠጣር ሆኖ ሲወርድ ነው። በሦስት ብርጭቆ ለየብቻ ያሟሟቸው። ካልሲየሙ ሲሟሟ ብርጭቆው ይሞቃል፣ አይደንግጡ። ጀሪካኑ ሙሉ ከሆነ በኋላ መጀመሪያ ሶዳውን፣ ቀጥሎ ኢፕሰሙን፣ በመጨረሻ ካልሲየሙን ያፍስሱና ያማስሉት። ክዳኑን ከፍተው አንድ ቀን ያሳድሩት፣ ክሎሪኑም ይተናል። በማግስቱ ይለኩት። 11 ወይም 13 ቢመጣ ይለፉት።

ባለ 80 ሊትር አኳሪየም ጠጠርና ዕቃ ሲገባበት የሚይዘው ውሃ ወደ 70 ሊትር ነው። በሳምንት አንድ ጀሪካን ሲቀይሩ 3 የነበረው በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 5 ተኩል፣ በሁለተኛው ከ7 በላይ፣ በሦስተኛው ወደ 9፣ በአራተኛው ወደ 10 ይጠጋል። ቀስ ማለቱ ለዓሣው ጥሩ ነው። ሞሊዎቹ በጣም ከደከሙ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀይሩ፣ ከዚያ በላይ አይጣደፉ። የሚገባው ውሃ ሙቀቱ ካለው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ትንሽ ውሃ አፍልተው ጀሪካኑ ላይ ቢጨምሩ ይስተካከላል። በመካከል ውሃ ቢተንና ቢጎድል ግን የጎደለውን ባልተዘጋጀው ውሃ ይሙሉ። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፣ ማዕድኑ ይቀራል። በተዘጋጀው ከሞሉት ቁጥሩ ሳይታወቅዎ ይወጣል።

አምቦ ውሃ ጨምሩበት የሚልዎትም ሰው አይጠፋም። ማዕድን እንዳለው እውነት ነው፤ ጋዙ ግን ፒኤቹን ያወርደዋል፣ ሶዲየሙም አብሮ ይገባል። ለእንግዳ ያቅርቡት። የግንባታ ጀሶም እንደዚሁ፤ መሠረቱ ካልሲየም ሰልፌት ቢሆንም የተቀላቀለበት ነገር ስለማይታወቅ አኳሪየም ውስጥ አይግባ።

ስለ ጫጩቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃው ሲስተካከል ሞቱ ይቀንሳል፤ ግን ጫጩት በረሃብም ይሞታል፣ በእናቱም ይበላል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ በጣት ተፈጭቶ የደቀቀ ምግብ በቁንጥር ይስጧቸው። ጥቅጥቅ ያለ ተክል ካለ መሸሸጊያ ይሆናቸዋል። የእንቁላል አስኳል የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ውሃውን ቶሎ ስለሚያበላሽ እኔ አልመክረውም። ጋፒ በወር አንድ ጊዜ ያህል ትወልዳለች፤ አንዴ የተቀበለችውን ዘር ይዛ ለብዙ ወራት ያለ ወንድ መውለድ ትችላለች። ስለዚህ ያለፈው ቢያሳዝንም ልጅዎ ጫጩት የሚያሳድግበት ጊዜ ይመጣል።

ሌላ ሞሊ አሁን አይግዙለት። ጂኤቹ ከ10 ሳይወርድ፣ አሞኒያው ዜሮ ሆኖ፣ የማለዳው ሙቀት ከ24 ሳይጎድል ሦስት ሳምንት ይቆይ። ልኬቱን ልጁ ራሱ ይውሰድ፣ በደብተር ይጻፈው፤ ጠብታ መቁጠር ልጆች ይወዱታል። ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ ዓሣውን በምን ዓይነት ውሃ እንደሚያኖር ይጠይቁ፣ ከተቻለም ትንሽ ውሃውን ይዘው መጥተው ይለኩት። ልዩነቱ ከ4 ዲግሪ በላይ ከሆነ ዓሣውን ከነውሃው በንጹሕ ባልዲ አድርገው፣ በየአሥር ደቂቃው አንድ ኩባያ ከአኳሪየሙ ውሃ እየጨመሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያላምዱት። ከዚያ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጥተው ያስገቡት፤ የሱቁን ውሃ አኳሪየም ውስጥ አይድፉት።